የውሸት እሳትና የአደይ ድርሻ

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «አንቺን ያረገዝኩት በርበሬ ስቀነጥስ ነው» ትል ነበር። ስለዚህ ያ ሱፍ የለበሰ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ቤታችሁ ቢቃጠል መጀመሪያ ምን ታድናላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን ደሜ የፈላው ጥያቄው ከፍቶብኝ አይደለም። ያለ አንዳች ማርከሻ መናገሩ ነው። እኛ ወሎዎች ክፉ ነገር ስናነሳ «አላህ ይጠብቀንና» እንላለን፤ መቐለዎች ደግሞ «እግዚአብሔር ይሰውረንና» ይላሉ። እሱ ምንም ሳይል ገና ሻዩ ሳይቀርብለት ቤታችንን አቃጠለው።

ቤታችን ያልኩት የምሠራበትን ነው። መቐለ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የድሮ ባላባት ያሠራው ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት አለ። ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉም ጣሪያውም እንጨት፣ በረንዳው በረገጡት ቁጥር የሚያጉረመርም። ውስጡ የአካባቢው ቅርስ ይቀመጣል፤ ነጋሪት፣ ጋሻ፣ የብራና መጻሕፍት፣ የወሎ ነጋዴዎች ያስቀመጡት በእጅ የተጻፈ ቁርኣን፣ የብር ጌጥ ያለው ኮርቻ፣ ከድሮ ነጋዴ ቤት የተገኘ አንድ አሞሌ ጨው። እኔ የዕቃዎቹ ኃላፊ ነኝ። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከደሴ መጥቼ ነው እዚሁ የቀረሁት። ትግርኛዬ ሰው ያስቃል፤ ስናደድ ግን ጥርት ይልልኛል ይላሉ።

ሥልጠናው የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ይባላል። አበል አለው፣ ምሳ አለው፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አለው። እንደዚያ ቢሆን ብቻ እኔም አልናደድም ነበር። ከጀርባው ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ከበላይ የመጣው ሐሳብ፣ በየአሮጌ ቤቱ ያለው ቅርስ ሁሉ ተሰብስቦ ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ መጋዘን ይግባ የሚል ነው። እሳት አይደርስበት፣ ሌባ አይደርስበት፣ ሰውም አይደርስበት። ባለበት የሚቀረው፣ አደጋ ቢመጣ ዕቃውን ማውጣት እንደሚችል በልምምድ ያሳየ ቤት ዕቃ ብቻ ነው። አሠልጣኙም ፈራጁም ይኸው ሱፍ ለባሽ ልጅ ነበር።

ፈራሁ፤ ምን እደብቃለሁ። መጋዘን የገባ ዕቃ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ይገባል፣ ሰውየው ስብሰባ ይሄዳል፣ ስብሰባው አያልቅም። እኛ ቤት እኮ አንድ የወሎ ባለሱቅ በየጁምዓው ከሶላት ሲመለስ ብቅ ብሎ አያቱ ያነበቡትን ቁርኣን በመስተዋት ሳጥኑ ውስጥ አይቶት ይሄዳል። ለእሱ መጋዘኑን ማን ይከፍትለታል? ለእኔስ ቢሆን፣ ያለ እነዚያ ዕቃዎች በዚህ ከተማ ሥራዬ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋ። ልጁ በግድግዳ ላይ ሊያሳየን ያዘጋጀው ሥዕል ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረና በቃል ይጠይቀን ጀመር። ከዘበኛችን ጀመረ። ዘበኛችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ክረምት ከበጋ የማያወልቁት ካፖርት አላቸው።

«አባባ፣ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ምን ያወጣሉ?»

«ካፖርቴን።»

«ካፖርት ቅርስ አይደለም እኮ አባባ።»

«አላየኸውም እንዴ?» አሉና ብብቱን ገልጠው አሳዩት። እውነትም ከኮርቻው ታናሽ አይመስልም።

ከዚያ ቀድመው መውጣት ባለባቸው ዕቃዎች ሳጥን ላይ ቀይ ክብ ወረቀት መለጠፍ መጣ። እዚያ ላይ ተጣላን። ዘበኛችን ጋሻው ይቅደም አሉ፤ እኔ ብራናና ቁርኣን አልኩ፤ ልጁ ኮርቻው ብር አለው አለ። አሞሌውን ግን ጭራሽ ቀይ ነፈገው። «ጨው ነው፣ ይተካል» አለ። ዘበኛችን ሰው እንደሰደበባቸው ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል የሚባለው ትዝ አለኝ። የእኛ አሞሌ እንኳ ጣፍጧል። ማን እንደቀመሰውም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ቢሮው ሲዘጋ፣ ባንኩ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲዘጋ፣ የሰፈሩ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ የቤቱን ዕቃ ተከፋፈለው። ነጋሪቱ ጎሚስታው ቤት አሮጌ ጎማ ሥር ገባ። ጋሻው የአንዲት ጎረቤት የቡሃቃ መክደኛ ሆነ። ብራናዎቹ ዱቄቱ ያለቀ ጆንያ ውስጥ ተጠቅልለው አልጋ ሥር ተኙ። ቁርኣኑን ባለሱቁ ወሰደው። አሞሌውን ፀጉር ቆራጩ። እኔ ደግሞ አደይ ጓዳ ገባሁ።

አደይ ማለት እማማ እንደማለት ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት፤ አጭር ናቸው፤ ክንዳቸው ግን የአናጺ ክንድ ነው። የእኔ አነጋገር ከየት እንደመጣሁ ሳልጠየቅ ይናገራል። ያን ጊዜ ዘመዶቼ ልኑር ልሙት አያውቁም፤ እኔም ነገ በሬን ማን እንደሚያንኳኳ አላውቅም። አንድ ማለዳ አደይ መጡና ነጠላቸውን ራሴ ላይ ጣል አድርገው፣ በክንዴ እየጎተቱ ወሰዱኝ። ልናገር ስል «ስቕ በሊ» አሉኝ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። ጓዳ አስገብተው በሩን ዘጉና ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔን የሚፈልግ መጣ አልመጣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። መንገድ እስኪከፈት እዚያው ነበርኩ፤ ያለውን ስንካፈል፣ የሌለውንም ስንካፈል።

ጊዜው ሲያልፍ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። አሞሌው ብቻ አንዱ ጠርዙ ጎደል ብሎ መጣ። ፀጉር ቆራጩ «አይጥ ነው» አለኝ። ጨው የሚበላ አይጥ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ግን ያን ጊዜ ጨው ከስንቱ ቤት እንደጠፋ ስለማውቅ አይጡን መርቄ ተውኩት።

ይህን ለአሠልጣኙ ልነግረው ጀምሬለት ነበር። «እህቴ፣ ያለፈውን አይደለም፣ የወደፊቱን ነው የምንሠራው» አለኝ። ዋጥ አደረግኩት። ወላሂ፣ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዕቅዱ ተሠራ። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ ከግቢው በር ውጭ ካለው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር እቆማለሁ፤ የሚወጣው ዕቃ እዚያ ይመጣልኛል፤ እኔ እቀበላለሁ። «መሪ ከቦታው አይንቀሳቀስም» አለኝ ልጁ። ደገመው። ሰለሰው። «መሪ ከጠፋ ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው።» ዘበኛችንና ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች ቀይ ያላቸውን ዕቃዎች ብቻ ያወጣሉ፣ ቀሪው ባለበት ይቆያል፣ ልጁ እየተዘዋወረ ያያል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ለጎረቤት መናገር ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

የልምምዱ ጠዋት ልጁ እውነት እንዲመስል ብሎ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ካርቶን አጨሰ። ጭሱ ከጣሪያው በላይ ወጣ። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ያሰማል የተባለውን የድምፅ ማጉያ ተጫነው። ባትሪው አልቋል። ፊሽካ አውጥቶ ነፋ። ማንም ዞር አላለም፤ ሰፈራችን ፊሽካ የለመደ ነው፣ ትራፊክ ይነፋል፣ የኳስ ዳኛ ይነፋል።

«አባባ፣ በቃ እርስዎ ይጩሁ» አላቸው።

«ምን ብዬ?»

«እሳት ብለው ነዋ።»

ዘበኛችን እንዲህ ያለ ነገር በውሸት መጮህ ደግ እንዳልሆነ ሊያስረዱት ሞከሩ። ልጁ ሰዓቱን አሳያቸው። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፣ «ሓዊ» ብለው ጮኹ። ሓዊ እሳት ነው። ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ ደረት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዛፉ ላይ ወፎቹ ተነሱ።

እንግዲህ በእኛ አገር ኡኡታ ሲሰማ ምንድን ነው ተብሎ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ የደረሰችው ያቺ ቡሃቃዋን በጋሻ ትከድን የነበረች ጎረቤት ናት፤ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክማ እየሮጠች። ጭሱን ተከትላ ሄዳ ጣሳውን አገኘችው። ውሃዋን አየች፣ ጣሳውን አየች። ጀሪካኗን በክብር አስቀምጣ ጣሳውን በአፈር ደፈነችው። ከዓይናለም ጉድጓድ የሚሳበው የከተማው ውሃ ተጠብቆ ተጠብቆ ነው የሚመጣው፤ ለጣሳ አይደፋም።

እሳቱ እዚያ ላይ አለቀ። ሰዉ ግን አላለቀም። ጎሚስታው ከነቱታው መጣ፤ ፀጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ መጣ፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተከተለው። ልጁ ደረጃው ላይ ክንዱን ዘርግቶ «ሥልጠና ያልወሰደ አይገባም» አለ። ጎሚስታው ጠጋ አለ። በሁለት ብብቱ ይዞ ብድግ አደረገውና ከደረጃው ጎን አስቀመጠው፤ እንደ ትርፍ ጎማ። ከዚያ ሁሉም ደረጃውን ወጣ።

እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ «ልምምድ ነው፣ የውሸት ነው» እያልኩ እጮሃለሁ። ማን ይስማኝ። መሪ ከቦታው አይንቀሳቀስም ተብያለሁና እግሬን ተክዬ በአፌ ብቻ እሮጣለሁ። ጎሚስታው ነጋሪቱን ተሸክሞ በረንዳው ላይ ብቅ ሲል ክርኑ መታው መሰለኝ፣ ድም አለ። ድምፁ ጥሞት ይሁን ሰው ይስማ ብሎ፣ ደገመው። እስከዚያ ድረስ ያልሰማው ማዶ ያለው ሰፈር በሙሉ ሰማ። መንገዱ በሰው ሞላ። ቀይ ያለው፣ ቀይ የሌለው፣ ሁሉም ዕቃ በጉያም በትከሻም እየሆነ አጠገቤ አለፈ። አንዱም ወደ እኔ አልመጣም። ሁሉም ወደየቤቱ ነው የሚሮጠው።

ያ ረቢ፣ አለቀልን አልኩ። ነገ መኪና መጥቶ የተረፈውን መጋዘን ያስገባዋል፤ ያውም የሚተርፍ ካለ።

ይህን እያልኩ ሳለሁ ነው ነጠላ ራሴ ላይ የወደቀው። ቀጥሎ ያ የአናጺ ክንድ ያዘኝ። «አደይ፣ ልምምድ ነው፣ ልቀቁኝ፣ ፈተና ላይ ነኝ» አልኩ። «ስቕ በሊ ጓለይ» አሉኝ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው። ታገልኩ። ምን ዋጋ አለው፤ እኔ ከአንገት በላይ ነው ጉልበቴ። ቢጫ ሰደርያ ለብሼ፣ በነጠላ ተሸፍኜ፣ መንገዱን አቋርጬ ያው ጓዳ ገባሁ። በሩ ተዘጋ። የበርጩማው ድምፅ ተሰማኝ።

«አደይ፣ በአላህ ክፈቱልኝ። ሥራዬ ጠፋ።»

«አጆኺ» አሉኝ ከውጭ። አይዞሽ ማለት ነው። በሩ ትንሽ ተከፈተና ቁራሽ ሕምባሻ የያዘ እጅ ገባ። እጁ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ከውጭ የነጋሪቱ ድም ድም ይሰማኛል፤ ቤቴ ባዶ ሲሆን ይሰማኛል። በንዴት ሕምባሻውን ጨረስኩት።

ዘበኛችን መጥተው በሩ ላይ ሲከራከሩ ሰማሁ። «የውሸት እሳት ነው አደይ፣ ልምምድ ይባላል» ይላሉ። «የውሸት ከሆነ ለምን ጮህክ?» ይላሉ አደይ። «አዘውኝ ነው።» «ያዘዘህ ነገ እውነት ሲነድ ቢጠራን ማን ይመጣለታል?»  ሽማግሌው በመጨረሻ እሳት የሚባል እንደሌለ በልጆቻቸው ስም ምለው አስከፈቱልኝ። አደይ ግን ክንዴን አልለቀቁም፤ አብረውኝ ተሻገሩ።

ልጁ ባዶው አዳራሽ መሐል ቆሟል። ከግድግዳው ላይ ሚስማር ብቻ ነው የቀረው። ሱፉ አቧራ ለብሷል። «ዕቃው የታለ?» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጠነ። ያን ጊዜ አሳዘነኝ። ለሪፖርቱ እሱም አለቃ አለበት።

«ይመጣል» አልኩት። አፌ ደፍሮ ተናገረ እንጂ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ዘበኛችን በረንዳው ላይ ወጥተው አሁን ደግሞ እሳቱ ጠፍቷል ብለው ጮኹ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እየሳቁም እየተቆጡም ይመጡ ጀመር። ልጁ በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያያል፤ ይጠይቃል። ጎሚስታውን «ለምን ነጋሪቱን ወሰድከው?» ሲለው፣ «የኔ ድርሻ ነዋ» አለው፣ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይን። ጋሻዋን ያመጣችው ሴት «ድርሻዬ ነው» አለች። ባለሱቁ ቁርኣኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ «ይሄ የኔ ነው፣ ማለቴ ጥበቃው» አለ። ፀጉር ቆራጩ አሞሌውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ልጁ የጎደለውን ጠርዝ አይቶ «ይሄ አሁን ነው የተሰበረው?» አለ።

«የድሮ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «አይጥ ነው።» ፀጉር ቆራጩ ወደ መሬት አየ።

ምንም አልጎደለም። ዕቅዱ ይወጣል ያለው ጥቂቱን ነበር፤ ሰፈሩ ሚስማር ሲቀር ሁሉንም አወጣው። ልጁ እስክሪብቶውን እያገላበጠ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «ዕቃውስ ይሁን» አለ። «እርስዎ መሪዋ ግን ከቦታዎ ጠፍተዋል። ከአንድም ሦስት ጊዜ ተናግሬአለሁ። መሪ ጥሎ የሄደበትን ቤት አልፏል ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ዕቃው መጋዘን ሊገባ ነው።»

ደሜ ፈላ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልለው እንደነበር አላህ ያውቃል። አደይ ቀደሙኝ። በአማርኛ ተናገሩ፤ አማርኛ የሚናገሩት ነገሩ ሲከብድባቸው ብቻ ነው።

«ጥላ አልሄደችም። እኔ ነኝ ያወጣኋት።»

«ለምን እማማ? እሷ እኮ ዕቃ አይደለችም።»

«አንተ ሁሉንም ጠየቅክ፣ እኔን አልጠየቅክም» አሉት። «እሱ ነጋሪት ነው ድርሻው። እሱ ጨው። እሷ ጋሻ። የኔ ድርሻ ይቺ ናት።»

ነጠላቸው አሁንም ራሴ ላይ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ልብ አላልኩትም። አለቀስኩ። እኔ ስናደድ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ስወደድ ግን ግራ ይገባኛል። ፀጉር ቆራጩ የደንበኛውን ፎጣ አቀበለኝ፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ከነሱፉ። «ያለፈውን ንገሩኝ» አለ። ነገርነው፤ እየተሻማን ነገርነው፤ ከአይጡ በቀር ሁሉንም። ስንጨርስ ከኪሱ ቀያዮቹን ወረቀቶች አወጣ። አንዷን አሞሌው ሳጥን ላይ ለጠፈ። ሌላዋን ይዞ ትንሽ አመነታና አደይን በዓይኑ አስፈቅዶ ሰደርያዬ ላይ ለጠፋት።

ዕቃው ከቤቱ አልወጣም። ዕቅዱም እንደገና ተጻፈ፤ ማን ምን ይዞ የት እንደሚሮጥ ሰፈሩ እንደሚያውቀው ተደርጎ። ቀጣዩ ልምምድም ለጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ይነገራል፤ አደይ በዚህ አልተደራደሩም። አሁን የቡድን መሪው ዘበኛችን ናቸው፤ ቢጫውን ሰደርያ ከካፖርታቸው በላይ ይለብሱታል። እኔ ከሚወጡት ውስጥ ነኝ።